የቁርኣንን ዐረብኛ ለመረዳት ስንነሳ የሚያሰናክሉን ስህተቶች

ከአየር ጤና ወዲያ፣ ካራ ቆሬ አካባቢ፣ በመግሪብና በዒሻ መሀል መድረሳ ጎራ ብትሉ ከልጆቹ ኋላ አዋቂዎችም ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ቁርኣኑን በልጅነታቸው አኽትመዋል፣ ማለትም አንብበው ጨርሰዋል፤ አሁን የሚቀሩት፣ የሚማሩት፣ ለትርጉሙ ነው። የሚሰናከሉበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

ዋነኛው ጠላት የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው። ዐረብኛ የአማርኛ ዘመድ በመሆኑ ሰማኡን ሰማይ፣ ረእሱን ራስ እያልን ስንሄድ ነገሩ አልጋ በአልጋ ይመስለናል። ከዚያ ላሕም ይመጣና ላም ይታየናል፤ ሥጋ ማለት ነው። ኪታብም አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብ አይደለም። እነዚህ በአንድ እርማት ያልፋሉ፣ «ፊትና» ግን ቀላል አይደለም። ሱረቱል አንፋል (የአንፋል ምዕራፍ) አንቀጽ 28 ላይ ገንዘባችሁና ልጆቻችሁ ፊትና ናቸው ሲል «ፈተና» ብንለው ያስኬዳል። ሱረቱል በቀራህ 191 ላይ ግን ፊትና ከመግደል የከፋ ነው ይላል። እዚህ ፈተና ብሎ የሚያልፍ አልገባውም። በሰፈራችን አንቀጿን ነገር አመላላሽ መገሠጫ ማድረግም ተለምዷል፤ እሱም ከቦታው የራቀ ነው። የቁርኣን ተንታኞቹ ጠበሪና ኢብኑ ከሢር እዚህ ላይ የሚያነሱት ሽርክን (በአላህ ማጋራትን) እና ሰውን ከሃይማኖቱ ማስወጣትን ነው። አንቀጹ ራሱም ሙስሊሞችን ከአገራቸው ስላባረሩ ሰዎች ነው የሚናገረው። ስለዚህ አንድ ቃል ባገኘንበት ሁሉ አንድ ፍቺ አንለጥፍበት፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን እንይ።

ሁለተኛው፣ በዐረብ አገር ዐረብኛ ቁርኣንን መፍታት ነው። ሠርታ የተመለሰች እህት ሱረቱ ዩሱፍ 19 ላይ «ወጃኣት ሰያረቱን» የሚለው ሲቀራ፣ በዛሬው ዐረብኛ ሰያራ መኪና ነውና፣ እጇን አነሳች።

«ኡስታዝ፣ ያኔም መኪና ነበር እንዴ?»

«የለም እህቴ፣ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። ቀጥሎ ያለውን ተመልከቺው፤ ውኃ ቀጂያቸውን ላኩ፣ እሱም ባልዲውን ለቀቀ ይላል።»

ቤቱ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። እውነቱን ለመናገር ግን ጆሮዋ ከሁላችንም የተሻለ ነው፤ ዐይንና ሐን እንደ እሷ የሚለይ የለም። የቤት ውስጡ ዐረብኛ የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ የቃላትን መጨረሻ አናባቢ ይውጣል።

ይህ መዋጥ ወደ ሦስተኛው ስህተት ያመጣናል፤ ቃላት ማጠራቀምና ነሕውን (ሰዋስውን) መዝለል። ሱረቱ ፋጢር 28ን ውሰዱ፦ «ኢነማ የኽሸላሀ ሚን ዒባዲሂል ዑለማኡ»። በቃላቱ ቅደም ተከተል ብቻ ከሄድን አላህ ዑለማዎችን ይፈራል ሊሆንብን ነው፤ ነዑዙ ቢላህ። «አላህ» መጨረሻ ላይ ያለችው የ«አ» ድምፅ ምልክት ፈትሓ ተፈሪው እሱ መሆኑን፣ «ዑለማኡ» መጨረሻ ላይ ያለችው የ«ኡ» ድምፅ ምልክት ደማ ፈሪዎቹ እነሱ መሆናቸውን ትናገራለች፤ ከባሮቹ መካከል አላህን የሚፈሩት ዐዋቂዎቹ ብቻ ናቸው ማለት ነው። የወሎ መሻይኾች ደረሳውን (ተማሪውን) ነሕው ሳያስቀሩ ወደ ተፍሲር (ወደ ቁርኣን ትንታኔ) የማያሳልፉት ወደው አይደለም። በስልክ መተግበሪያ ቃል እየሸመደዱ ተፍሲር ውስጥ ዘሎ መግባት ለኔ ድፍረት ነው።

አቋርጦ ማንበብም አለ። ሱረቱ ኒሳእ 43 «ሶላትን አትቅረቡ» ላይ ቢቆም ምን እንደሚሆን አስቡት፤ ቀጣዩ «ሰክራችሁ ሳላችሁ» ነው። ሙስሐፉ (የቁርኣኑ ጥራዝ) ላይ «ላ» የሚለው ትንሽ ምልክት እዚህ አትቁም ማለት ነው። ተሟልቶም ቢነበብ፣ ከሶላት ሰዓት ውጪ መጠጣት ይቻላል ብሎ የሚደመድም አይጠፋም። አስካሪውን ፈጽሞ የከለከለው የሱረቱል ማኢዳህ 90 ከዚህ በኋላ ነው የወረደው። የሱራዎቹ አቀማመጥ የአወራረዳቸው ቅደም ተከተል አይደለም።

የአማርኛውን ትርጉም ጎን ለጎን መክፈት ነውር የለውም። ብቻ በቅንፍ የገባው የተርጓሚዎቹ ማብራሪያ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ «ይቺ ቃል ዐረብኛው ላይ የት አለች?» እያለ ዒሻ አዛን ይደርስበታል።