ማውስ በዓይን አይገዛም፦ ደሴና ኮምቦልቻ ስመላለስ ያየኋቸው ስህተቶች

ቤቴ ደሴ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት ሚኒባስ ይዤ እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጠመዝማዛ ነው። ላፕቶፔ ጉልበቴ ላይ፣ ማውሴ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ነኝ። ያለ ማውስ አይሆንልኝም።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ገመድ አልባ ማውስ ገዛሁ። ሁለቱን የገዛሁት ተሳስቼ ነው። አሁን ባልደረቦቼ ማውስ ሊገዙ ሲሉ መጀመሪያ እኔን ይጠይቁኛል። ለእነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ትንሽ ዕቃ ናት፣ ግን በቀን ስምንት ሰዓት የምንጨብጠው እሷን ነው።

ለጉዞ ነው ብሎ ስሷን መምረጥ

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። የመጀመሪያዋን ማውሴን ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ገዛሁ። ጠፍጣፋ፣ ስስ፣ ኪስ የምትገባ። ዓይን ትስባለች። ሻጩን "ለእጅ ትመቻለች?" አልኩት። "አብሽሪ እህቴ፣ ማውስ ሁሉ አንድ ነው" አለኝ። አምኜው ከፈልኩ።

ሳምንት አልቆየም። ከሰዓት በኋላ አውራ ጣቴ ሥር ይጠዘጥዘኝ ጀመር። አንድ ቀን ሥራ አቁሜ እጄን አየሁት። መዳፌ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ማውሷን የያዝኳት በጣቶቼ ጫፍ ነው፣ ልክ ጨው እንደምቆነጥር። አንጓዬ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተጭኗል። ጣቶቼ ለአፍታ እንኳን ሳያርፉ ይውላሉ ማለት ነው።

ምቾቱን የሚወስነው በአብዛኛው የማውሱ ጀርባ ከፍታ ነው። ለምሳሌ ሎጂቴክ የተባለው ማውስ ሠሪ ኩባንያ ፔብል ኤም 350 ከፍታ 2.65 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የዚያው ኩባንያ ኤም 185 ደግሞ 3.9 ሴንቲ ሜትር ነው። ትልቁ ማውሱ "ኤምኤክስ ማስተር 3" ደግሞ 5.1 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ኢምንት ነው። መዳፍ ሥር ሲገባ ግን አንዱ እጁን ይሸከመዋል፣ ሌላው አይሸከመውም።

"ስሷ ለቦርሳ ትቀላለች" የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ስሷ ፔብል 100 ግራም ትመዝናለች። ጉብ ያለችው ኤም 185 ባትሪዋን ጨምሮ 75 ግራም ገደማ ነች። እኔ ይህን ያወቅኩት ገንዘቤን ካወጣሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ እጃችሁን ለኩ። ማስመሪያ ያዙና ከአንጓችሁ መታጠፊያ እስከ መሃል ጣታችሁ ጫፍ ያለውን እዩ። የእኔ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ሎጂቴክ ሊፍት የተባለውን ጎኑ ላይ እንደቆመ የሚያዝ ማውስ የሠራው እስከ 19 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ እጅ ነው። እጃችሁ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ትንንሾቹን ከወዲሁ እርሷቸው። ለአንድ ስብሰባ ብቻ ይዞ ለሚወጣ ሰው ስሷ ትበቃለች፤ አልከራከርም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራባት ግን አትሆንም።

ሳይነኩ መግዛት

ጫማ ስንገዛ ሱቅ ውስጥ ወዲህ ወዲያ እንራመዳለን። ማውስ ስንገዛ ግን ካርቶኑን አይተን እንከፍላለን። ለማየት የተከፈተ ካለ ጠይቁ። ጠረጴዛው ላይ አድርጉትና እጃችሁን ሙሉ በሙሉ አሳርፉበት። ሁለት ደቂቃ ያህል ወዲህ ወዲያ በሉት። ትንሿና የቀለበት ጣታችሁ ጠረጴዛ ላይ እየተጎተቱ ከሆነ ጠቦባችኋል። ጠቋሚ ጣታችሁ ቁልፉ ላይ ለመድረስ የሚንጠራራ ከሆነ ሰፍቶባችኋል።

ቁልፉንም ተጫኑት። ደሴ ደጋ ነው፤ ክረምት ጠዋት ላይ ጣት ይደነዝዛል። ጠንካራ ቁልፍ ያን ጊዜ ነው የሚያስመርረው። ድምፁንም ስሙት። ሌሊት ልጅ አስተኝቶ የሚሠራ ሰው ድምፅ አልባውን ቢፈልግ ይሻለዋል።

ግራኝ ከሆናችሁ ለቀኝ እጅ የተቀረጸውን ማንም አያስለምዳችሁ። ሁለቱ ጎኑ እኩል የሆነውን ያዙ።

የታወቀ ስም ያለው ማውስ ኮፒውም ገበያው ላይ እንዳለ አትርሱ። ከሥሩ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል እንደሆነ እዩ። "ካልሠራ ትቀይርልኛለህ?" ብላችሁም ቀኑን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ሪሲቨሩን አለማሰብ

ሁለተኛዋ ማውሴ ለእጅ ትመች ነበር። ግን የምትሠራው በሪሲቨር ብቻ ነው፣ ዩኤስቢ ላይ በምትሰካው የጥፍር ታህል ነገር። ቢሮ ዴስክቶፕ አለኝ፣ ቤት ላፕቶፕ። የወር መዝጊያ ሰሞን ነበር። ማታ ደሴ ደርሼ ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ማውሷን አወጣሁ፣ አትንቀሳቀስም። ባትሪ ቀየርኩ። አሁንም ዝም። ከዚያ ትዝ አለኝ፦ ሪሲቨሯ ኮምቦልቻ፣ ዴስክቶፑ ጀርባ ላይ ቀርታለች። እስከ እኩለ ሌሊት በታችፓድ ሠራሁ።

እንደኔ ሁለት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ በሪሲቨርም በብሉቱዝም የሚሠራውን ግዙ። ከሥሩ ወይም ከላዩ መቀየሪያ ቁልፍ አለው። ሪሲቨሩ ቢሮ ይቀራል፣ ቤት በብሉቱዝ ትቀጥላላችሁ። ብሉቱዝ ብቻ ያለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ብዙ የቢሮ ዴስክቶፖች ብሉቱዝ የላቸውም። አዲስ ቀጭን ላፕቶፕ ያላችሁም ቀዳዳውን አስቀድማችሁ እዩ። ታይፕ ሲ ብቻ ከሆነ ተራው ሪሲቨር ያለ መቀየሪያ አይገባበትም።

ሪሲቨሩ ቢጠፋስ? ብዙ ርካሽ ማውሶች ከራሳቸው ሪሲቨር በስተቀር ሌላ አያውቁም። እሱ ከጠፋ ማውሱም አበቃለት። ብርቱካንማ የኮከብ ምልክት ያለበት የሎጂቴክ ሪሲቨር ግን ምልክቱ ካላቸው ማውሶችና ኪቦርዶች ጋር በሶፍትዌር ይገናኛል። አንዱ ሪሲቨር እስከ 6 ዕቃ ይይዛል። በማንኛውም ሁኔታ ማውሱ ሆድ ውስጥ የሪሲቨር ማስቀመጫ ቦታ እንዳለ ሳታዩ አትክፈሉ።

አንድ ልጨምር። ሪሲቨሩን ሰማያዊው ዩኤስቢ ላይ ከተሰካ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ አጠገብ አትሰኩት። ሰማያዊው አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 3 ነው። ፋይል ሲያስተላልፍ የሚረጨው ሞገድ ማውሱ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ይረብሻል። የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሠሪው ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ጽፎ አውጥቷል። ፍላሽ በሰካችሁ ቁጥር ማውሳችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ሪሲቨሩን ወደ ላፕቶፑ ሌላኛው ጎን አዙሩት።

ባትሪውን መናቅ

ባለ ቻርጅ ማውስ ጥሩ ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቡ። ገመዱ ከፊት የሚሰካ ከሆነ ከላፕቶፑ ቻርጅ እየወሰደ ትሠሩበታላችሁ። እንደ አፕሉ ማጂክ ማውስ ቀዳዳው ከሥር ከሆነ ግን ቻርጅ ላይ እያለ መሥራት አይቻልም። መብራት በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

እኔ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን እመርጣለሁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የትኛውም ኪዮስክ ድንጋይ አለ። ከቀጭኑ ይልቅ ወፍራሙን፣ ማለትም ደብል ኤውን የሚወስደው ይሻላል፤ ብዙ ይቆያል። ኤም 185 በአንድ ደብል ኤ አንድ ዓመት ገደማ እንደሚሠራ ኩባንያው ይናገራል። ማጥፊያ ቁልፍ ያለው ይሁን፤ ቦርሳ ውስጥ ሲነቃነቅ በከንቱ እንዳይበላ።

ለወራት የማትነኩት ከሆነ ድንጋዩን አውጡት። የእህቴን ማውስ ስከፍት ድንጋዩን የሚይዘው ስፕሪንግ ነጭ ዱቄት ለብሶ አገኘሁት። ድንጋዩ አፍስሷል። አልካላይን ስለነበረ ጥጥ በጥቂት ሎሚ ነክሬ ጠረግኩት፣ በደንብ አደረቅኩት፣ ተነሳ። ሁሉም ግን እንዲህ አይተርፍም።

ጠረጴዛውን መርሳት

ማውስ ከሥሩ ያለውን ገጽ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ፎቶ እያነሳ ነው እንቅስቃሴውን የሚያውቀው። መስታወት ላይ የሚያነሳው ነገር የለም። የአለቃችን ጠረጴዛ ባለ መስታወት ነው። ሪፖርት ላሳየው በገባሁ ቁጥር ቀስቱ ባለበት ይደርቅ ነበር። አንድ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ሳደርግ ተስተካከለ። መስታወት ላይም የሚሠሩ አሉ፣ ለምሳሌ የሎጂቴክ ኤምኤክስ ኤኒዌር 3፤ መስታወቱ ግን ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር መወፈር አለበት። ለዚህ ብቻ ብላችሁ ግን ያን ያህል ገንዘብ አታውጡ።

ካርቶን ላይ የሚጻፈው የዲፒአይ ቁጥርም (ማውሱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ቀስቱ ምን ያህል እንደሚሄድ የሚያሳየው) አያባብላችሁ። ለቢሮ ሥራ ከ1000 እስከ 1600 በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለጌም ተጫዋቾች ነው።

ማውስ ሲቀየር ሕመሙም ይቀየራል ብሎ መጠበቅ

ሦስተኛዋ ማውሴ እጄን ትሞላለች፤ በሪሲቨርም በብሉቱዝም ትሠራለች። ሆኖም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ አልለቀቀኝም። ምክንያቱ አቀማመጤ ነበር። ማውሷን ከኪቦርዱ ርቃ ነበር የማስቀምጣት፤ ክንዴ ተዘርግቶ ይውላል። አጠገቤ ሳስጠጋት፣ ክንዴን እስከ ክርኔ ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ፣ ከአንጓዬ ይልቅ በክንዴ መግፋት ስለምድ ቀስ በቀስ ተወኝ።

ሌሊት አውራ ጣታችሁ፣ ጠቋሚውና የመሃሉ የሚደነዝዙ፣ ከእንቅልፍ የሚያነቁ ከሆነ ግን ጉዳዩ የማውስ ብቻ ላይሆን ይችላል። አንጓ ላይ የተጫነ ነርቭ እንዲህ ያደርጋል። ሌላ ማውስ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ።