ገና ሲነሳ ቀጥ ብሎ የሚቀር የሊኑክስ ከርነልን ስህተት እንዴት ማግኘትና ማረም ይቻላል

ማስነሻው ፕሮግራም ከርነሉን (ሃርድዌሩንና ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረውን የሊኑክስ እምብርት) ሜሞሪ ላይ ጭኖ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ ወይም ማሽኑ ራሱን በራሱ ደጋግሞ የሚያስነሳ ከሆነ፣ ከርነሉ ኮንሶሉን (መልእክቶቹን የሚያሳይበትን መውጫ) ሳይከፍት እንደወደቀ መጠርጠር ተገቢ ነው። ከርነሉ ዝም ያለ ቢመስልም መልእክቶቹን ሜሞሪ ውስጥ ያጠራቅማል፤ የማናያቸው መውጫው ገና ስላልተከፈተ ነው።

ምንም ከመንካትዎ በፊት፣ በደህና ይሠራ የነበረውን የቀድሞ ከርነል ከማስነሻው ዝርዝር ውስጥ እንዳያጠፉት።

በመጀመሪያ ለከርነሉ አንደበት ይስጡት። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች «ኧርሊፕሪንትኬ» የተባለውን የማስነሻ አማራጭ ከሲሪያል ወደቡ (መልእክቶቹን በኬብል ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከሚያወጣው) ስምና ከ115200 ቢት በሰከንድ ፍጥነት ጋር ይጨምሩ፤ በአርም ቦርዶች ላይ የተለመደው «ኧርሊኮን» ነው። በአብዛኛው የመጨረሻው መስመር የት እንደቆመ ይጠቁማል።

ይህም ካልረዳ፣ ስህተቱ በኪው-ኢሙ ምናባዊ ማሽን ላይ የሚደገም መሆኑን ያረጋግጡና ማሽኑን ገና ሳይጀምር አቁመው ጂዲቢን (ፕሮግራምን እያስቆሙ የሚመረምሩበትን መሣሪያ) በወደብ 1234 ያገናኙ። ከርነሉ በተነሳ ቁጥር አድራሻውን ስለሚቀያይር «ኖካስለር» የሚለውን አማራጭ መጨመር ግድ ነው፤ ያለዚያ ያስቀመጡት ማቆሚያ (ጂዲቢ ኮዱን የሚያስቆምበት ነጥብ) ቦታውን ይስታል። ማቆሚያውን «ስታርት ከርነል» በተባለው ፈንክሽን ላይ ያድርጉ። እዚያ ካልደረሰ ችግሩ ለፕሮሰሰሩ በተለይ በተጻፈው የመነሻ ኮድ ውስጥ ነው፤ ከደረሰ ግን ፍለጋው ከዚያ በኋላ ወዳለው የሲ ኮድ ይዞራል።

የቀድሞው እትም ይሠራ ከነበረ «ጊት ባይሴክት» (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዘው የጊት ፕሮግራም ትእዛዝ) ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለውጦቹን በየጊዜው ለሁለት እየከፈለ ስለሚፈትን ከ1000 ለውጦች መካከል ጥፋተኛውን በ10 ሙከራ ገደማ ያገኘዋል። በሁሉም ሙከራ ያው ኮምፓይለርና ያው ውቅር ይጠቀሙ፤ የማይገነባ ለውጥ ካጋጠመዎ «መጥፎ» ሳይሉ ይዝለሉት፣ አለበለዚያ ውጤቱ ያሳስታል።

በዚህ ደረጃ ዘወትር የሚያጋጥመው የቅደም ተከተል ስህተት ነው። ለምሳሌ ሜሞሪ የሚጠይቀው ፈንክሽን «ኬማሎክ» የሚሠራው የሜሞሪ አከፋፋዩ ከተዘጋጀ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያገለግለው በመነሻው ጊዜ ሜሞሪ የሚያድለው «ሜምብሎክ» ነው። ስለዚህ የኬማሎክን ጥሪ ወደኋለኛው ደረጃ ያዛውሩት ወይም በሜምብሎክ ይተኩት። ባዶ አድራሻ ሲመለስ ዝም ብሎ የሚያልፍ ፍተሻ መጨመር ግን ስህተቱን ይደብቃል እንጂ አያርመውም።

እርማቱን በምናባዊውም በእውነተኛው ማሽን ላይም ይፈትኑ። ለከርነሉ ተንከባካቢዎች ሲልኩት ስህተቱን ያስገባውን ለውጥ መለያ የመጀመሪያ 12 ፊደላት «ፊክስስ» በሚለው መስመር ላይ ያስፍሩ፤ እርማቱ ወደቆዩት እትሞችም እንዲገባ የሚያግዘው ይህ መስመር ነው።