ዋይፋዩ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም፤ የቱ ጋ ነው የተቋረጠው?

ራውተሩን ከመንቀላችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡኝ። መረጃ ከኮምፒውተራችሁ ተነስቶ ወደ ራውተሩ ይሄዳል፤ ከራውተሩ ወደ አገልግሎት ሰጪው፣ ከዚያ ወደ ውጭ። ሥራችሁ ከቅርብ ወደ ሩቅ እየሄዳችሁ የቱ ጋ እንደቆመ ማየት ነው።

መጀመሪያ የኮምፒውተራችሁን የኔትወርክ አድራሻ እዩ። ዊንዶውስ ላይ ፍለጋው ውስጥ ሲኤምዲ (cmd) ብላችሁ ጥቁሩን መስኮት ክፈቱና አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብላችሁ ኢንተር በሉ (ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው)። ብዙ ጽሑፍ ይዘረገፋል፣ አትደንግጡ፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የምትፈልጉት። አይፒቪ4 አድራሻ የሚለው የእናንተ ነው፣ ለምሳሌ 192.168.1.7። ዲፎልት ጌትዌይ የሚለው የራውተሩ ነው፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1።

አድራሻችሁ በ169.254 ከጀመረ ችግሩ እዚሁ ነው። አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሰጠው ቁጥር ነው ይሄ። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩ። እምቢ ካለ ራውተሩን ነቅላችሁ መሰካት ያለባችሁ አሁን ነው።

አድራሻው ደህና ከሆነ ፒንግ (ping) ብላችሁ፣ ክፍተት ሰጥታችሁ፣ የራውተሩን ቁጥር ጻፉ። ዊንዶውስ አራት ጊዜ ይጠይቃል፣ አራት መልስ መምጣት አለበት። መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ከመጣ ጥሩ ነው። አንዴ 3፣ አንዴ 400 እያለ ከዘለለ ወይም ከመሃል ከጎደለ፣ ኢንተርኔቱን አትውቀሱ፣ ዋይፋያችሁ ነው የደከመው። ራውተሩን ቡፌ ውስጥ ከቲቪው ጀርባ የምትደብቁ ሰዎች፣ እባካችሁ አውጡት። ራውተራችሁ ሁለት የዋይፋይ ሞገድ ካለው፣ 5 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ፈጣን ነው ግን የብሎኬት ግድግዳ ያደክመዋል፣ ራቅ ላለው ክፍል 2.4 ይሻላል።

ቀጥሎ ፒንግ 8.8.8.8 በሉ። የጉግል ሰርቨር ነው፣ ቁጥሩም ለመያዝ ቀላል ነው። ራውተሩ መልሶ ይሄ ካልመለሰ የተቋረጠው ከራውተሩ ወዲያ ነው። ፋይበር ካላችሁ ሳጥኑ ላይ ኤልኦኤስ (LOS) የሚለውን መብራት እዩ፤ ቀይ ከሆነ ብርሃኑ በገመዱ እየደረሰ አይደለም፣ አሥር ጊዜ ብትነቅሉ ለውጥ የለውም። እህቴ ቤት እንዲህ ሆኖ ገመዱን በእጃችን እየተከተልን ስንሄድ ሶፋው ሲገፋ እግሩ ስር ገብቶ ታጥፎ አገኘነው፤ ሶፋውን አነሳንለት፣ ቀዩ ጠፋ። ገመዱ ከተነቀለ ጫፉን በዓይናችሁ አትመልከቱ፣ ጨረሩ አይታይም ግን ይጎዳል። ቤት ውስጥ ምንም ካላገኛችሁ ደውሉና «ራውተሩ ይመልሳል፣ 8.8.8.8 አይመልስም፣ ኤልኦኤስ ቀይ ነው» በሉ። «ኢንተርኔት እምቢ አለኝ» ከማለት እጅግ ይሻላል።

8.8.8.8 መልሶ ገጹ ካልከፈተስ? ያኔ ዲኤንኤስን ጠርጥሩ። ስልካችሁ ላይ «እማዬ» የሚለውን ትነካላችሁ እንጂ ቁጥሯን አትጽፉም፣ አይደል? ዲኤንኤስም የገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይር ነው። የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 አድርጉና እንደገና ሞክሩ። ሌላው ሁሉ ከፍቶ አንድ ገጽ ብቻ ካስቸገረ ግን ችግሩ ምናልባት የገጹ ነው፤ ቆየት ብላችሁ ሞክሩት።