ከግብፅ አርቲስቶች ጋር የልውውጥ ስራ ለምታስቡ፣ ከቪዛው ጀምሩ

እዚህ አሜሪካ ለፐርፎርማንስና ለኢንስታሌሽን (ቦታው ላይ ተተክሎ የሚታይ የጥበብ ስራ) ሰዎች የቴክኒክ ስራ እሰራለሁ፣ ካይሮም ለስራ ተመላልሻለሁ፣ እና ሰሞኑን ሁለት ሶስት ልጆች ከግብፅ አርቲስቶች ጋር ልንሰራ ነው ከምን እንጀምር ብለው ስለጠየቁኝ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። መልሴ ከካይሮ በሚመጣው ሰው ቪዛ ጀምሩ ነው። አሜሪካዊው ካይሮ ኤርፖርት ደርሶ ቪዛውን እዛው ገዝቶ ይገባል፣ ግብፃዊው ግን ወራት የሚፈጅ ወረቀት ይጠብቀዋል፣ አብዛኛው ፕሮጀክት የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው፣ አሜሪካኖቹ ሄደው ሰርተው ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ፣ የግብፆቹ ተራ ሲደርስ ቪዛው አልደረሰም ይባልና በቪዲዮ ተሳተፉ ይባላሉ። እኔ ይሄን ልውውጥ ብዬ መጥራት ይከብደኛል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ተከፍሎት መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው በቱሪስት ቪዛ አይመጣም፣ አሜሪካ ያለ ድርጅት ወይ ኤጀንት አይ-129 የሚባለውን ፎርም ለኢሚግሬሽን ያስገባለታል። በአገሩ ባህል ላይ የቆመ ስራ ይዞ ለሚመጣ ፒ-3፣ በራሱ ስም ለታወቀ አርቲስት ደግሞ ኦ-1ቢ ነው በብዛት የሚሞከረው። መብራት ወይ ድምፅ የሚሰራለት ሰው አብሮት የሚመጣ ከሆነ ለዛ ሰው ሌላ ማመልከቻ አለ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፎርሙን ከዝግጅቱ እስከ አንድ አመት ቀድሞ ማስገባት ስለሚቻል አትዘግዩ፣ ምክንያቱም ተጨማሪ ከፍላችሁ በ15 የስራ ቀን መልስ ብታገኙ እንኳ ከዛ በኋላ ካይሮ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ያ ክፍያ የኤምባሲውን ወረፋ አያሳጥርም። ስለ አርቲስቱ በአረብኛ የወጡ ጽሁፎች ካሉ ቀድማችሁ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙ፣ የተርጓሚው ማረጋገጫ ይጠየቃል። ህጉም ክፍያውም ስለሚቀያየር የኢሚግሬሽኑን ድረገፅ ራሳችሁ እዩ፣ ባጀቱ ላይም የጠበቃ ብር ያዙ።

ቪዛው የሚደርስበትን ጊዜ ገምታችሁ ሌላውን ሁሉ በሱ ዙሪያ አስቀምጡ። ረመዳን በየአመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ካላንደር እዩ፣ በረመዳን ከሰዓት በኋላ ሪሃርሳል አትጥሩ፣ ከኢፍጣር በኋላ ግን እስከ ሌሊት መስራት ይቻላል። የግብፅ እረፍት አርብና ቅዳሜ ነው፣ የናንተ ቅዳሜና እሁድ፣ ስለዚህ በሳምንት ሁለቱም ወገን ስራ ላይ የሚሆኑት አራት ቀን ብቻ ነው። ለዙም ስብሰባ ደግሞ ካይሮ ከኒውዮርክ 7 ሰዓት ትቀድማለች ብላችሁ አትተኙ፣ ግብፅ በ2023 የበጋ ሰዓት (ሰዓትን በአንድ ወደፊት መግፋት) መልሳ ጀምራለች፣ እዚህ መጋቢት ላይ ሰዓት ሲቀየር እነሱ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ስለማይቀይሩ በመሃል ልዩነቱ 6 ይሆናል፣ በዚህ ምክንያት ያመለጡ ስብሰባዎች ብዙ አይቻለሁ።

ገንዘብ ላይ ግልፅ ሁኑ። ለሁለቱም ወገን እኩል ክፈሉ፣ ካይሮ ኑሮ ርካሽ ነው ተብሎ ለግብፃዊው ግማሽ መስጠት ቡድኑን ከመጀመሪያው ቀን ይከፍለዋል። ኮንትራቱን በዶላር ጻፉት፣ መጋቢት 2024 ላይ የግብፅ ፓውንድ በአንድ ቀን ከ31 አካባቢ ወደ 50 ገደማ ለአንድ ዶላር ሲወርድ በፓውንድ የተፈራረሙ ሰዎች ዋጋቸው እጃቸው ላይ ቀለጠ። አሜሪካ ውስጥ ሲሰሩ ደግሞ ለውጭ አገር አርቲስት ከሚከፈለው ላይ ከታክስ መስሪያ ቤቱ ጋር ቀድሞ ካልተነጋገሩ 30 ፐርሰንት ታክስ ይያዛል፣ ይሄን ለአርቲስቱ ከመምጣቱ በፊት ንገሩት፣ ቼኩን ሲያይ አይደለም።

አብሮ መስራቱን በተመለከተ ለኛ ሰው ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ናይል ፕሮጀክትን በ2011 ያቋቋሙት ግብፃዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ሚና ግርግስና የኛዋ ድምፃዊት መክሊት ሃደሮ ናቸው፣ ሁለቱም ያኔ ካሊፎርኒያ። ከአባይ አገሮች ሙዚቀኞችን ሰብስበው በ2013 መጀመሪያ አስዋን ላይ አንድ ላይ አስቀመጧቸው፣ በ2015 ደግሞ አሜሪካን ዞሩ። እኔን ደስ የሚለኝ ቅደም ተከተሉ ነው፣ መጀመሪያ መቀመጥ፣ አንዱ የሌላውን ቅኝት መማር፣ ከዛ ኮንሰርት። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝታችንና ሩብ ድምፅ ባለው የአረብ መቃም (የነሱ ቅኝት) መካከል ያለው ርቀት በኢሜል አይፈታም፣ ክራሩንና የግብፁን ክራር ሲምሲሚያውን ጎን ለጎን ይዞ መቀመጥን ይጠይቃል። ኢንስታሌሽንም እንደዛው ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ያለቀ ስራ በሳጥን አሽጋችሁ ሄዳችሁ የግብፁን አርቲስት "እዚህ ጋ ቁም" አትበሉት። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ምንም ሾው የሌለበት ጊዜ ስጧቸው፣ ቢቻል በሁለቱም ከተማ።

እግረ መንገዴን፣ አሜሪካኖች ካይሮ ሲደርሱ ዛር ይስባቸዋል። ቃሉን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፣ እዛም የሚመቱት ጠንቡራ የክራር ዘመድ ነው። ማካን የሚባለው የካይሮ የሙዚቃ ቤት ውስጥ ማዛሄር የሚባል ቡድን ይጫወታል፣ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ስራችሁ ውስጥ ማስገባት ከፈለጋችሁ ሴቶቹን ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ተዉት፣ እሺ ካሉ እንደማንኛውም አርቲስት ስማቸውን ፖስተሩ ላይ ጽፋችሁ ክፈሏቸው። በስልክ ቀድቶ መሄድ ነውር ነው።

ፈቃድ የግብፁ አጋር ስራ ነው፣ ግን ጊዜውን እናንተ ስጡት። ጽሁፍ ወይ ስክሪፕት ያለው ነገር ለሳንሱር መስሪያ ቤት ይቀርባል፣ ለውጭ አገር ተዋናይና ሙዚቀኛ የየማህበሩ ፈቃድ አለ። መንገድ ላይ ድንገት ፐርፎርማንስ እንስራ የሚል አሜሪካዊ ካለ አስቁሙት፣ በ2013ቱ ህግ ቁጥር 107 መሰረት ከ10 ሰው በላይ የሆነ የአደባባይ ስብሰባ ቀድሞ ማሳወቅ አለበት፣ ችግር ሲመጣ ደግሞ ፈረንጁ ወደ አገሩ ይሸኛል፣ የአገሩ ልጅ ነው የሚቀረው። ድሮን ጭራሽ ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፣ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ አይገባም። ትልቅ ቦታ ላይ መስራት አይቻልም ማለቴ ግን አይደለም፣ በ2021 ጊዛ ፒራሚዶቹ ፊት በተደረገው ፎርኤቨር ኢዝ ናው ኤግዚቢሽን ግብፃዊው ሙዓታዝ ናስር፣ ሉክሶር ተወልዳ ሎስ አንጀለስ የምትኖረው ሸሪን ጊርጊስና አሜሪካዊቷ ጂሴላ ኮሎን አሸዋው ላይ ስራቸውን አቁመዋል።

እቃ ከአሜሪካ አትጫኑ፣ ጉምሩክ ላይ ቀናችሁ ያልቃል። ካይሮ ውስጥ ብረት በያጁ፣ አናጢው፣ ልብስ ሰፊው በእግር የሚደረስበት ቦታ አሉ። ባብ ዙዌላ አጠገብ ኸያሚያ የሚባለው የድንኳን ሰፊዎች ሰፈር አለ፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየቆረጡ በእጅ ይሰፋሉ፣ ስዕሉን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተነጋገሩ፣ ብዙ ጊዜ ከናንተ የተሻለ መንገድ ያሳዩአችኋል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ጽሁፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛ አታስተርጉሙት፣ የግብፁ አርቲስት በራሱ አረብኛ ይጻፈው።

አሁን ኤሌክትሪክ፣ የኔ ነገር። አሜሪካ 120 ቮልት 60 ሄርዝ ነው፣ ግብፅ 220 ቮልት 50 ሄርዝ። ቮልቱን ሁሉም ያውቃል፣ ትራንስፎርመር ይገዛል፣ ሄርዙን (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ግን ትራንስፎርመር አይቀይረውም፣ አንዳንድ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከሄርዙ ነው። አንድ ስራ ላይ ከጣራ የተንጠለጠለ ክብ እንጨት ነበረን፣ ዙሪያውን የኸያሚያ ጨርቅ የለበሰ፣ እዚህ የሞከርነው ሞተር በ60 ሰከንድ አንድ ዙር ያዞረዋል፣ ድምፁም በ60 ሰከንድ የተቆረጠ ነው፣ የግብፅ ተዋናይዋ ከስሩ እየተራመደች ነው የምትናገረው። ካይሮ ላይ ሰክተን ስናበራው ሞተሩ አይጮህ አይሞቅ፣ ግን ቃሉ አልቆ ጨርቁ ገና አልደረሰም። ስልኬን አውጥቼ ለካሁ፣ 72 ሰከንድ። የመክፈቻው ዋዜማ ነው፣ መሽቷል፣ ሞተር የሚሸጥበት ሱቅ ተዘግቷል። እኔ ከድምፅ ልጁ ጋር ስጨቃጨቅ እሷ ዝም ብላ ሶስት ዙር ከስሩ ሄደችና ተዉት አለች። ጽሁፏን በ60ው ትጨርሳለች፣ የቀረችውን 12 ሰከንድ ጨርቁ ተመልሶ ፊቷን እስኪሸፍናት ቆማ ትጠብቃለች። ድምፁ ላይ 12 ሰከንድ ባዶ ጨመርን፣ ከምሽቱ ሁሉ ሰው ትንፋሹን የያዘው እዛ ላይ ነበር።

ስለዚህ ከ12 ወይ ከ24 ቮልት ዲሲ (እንደ ባትሪ፣ ሄርዝ የሌለው) ሞተር ውጪ አትጠቀሙ፣ ፍጥነት መቆጣጠሪያ አብራችሁ ግዙ፣ በየትኛውም አገር ያው ነው የሚዞረው። እኛ ይሄን የተማርነው ሴትዮዋ ቪዛዋ ደርሶ እዚህ ከመጣች በኋላ ነው። ያንኑ ሞተር ሰካነው፣ በ60 ሰከንድ ዞረ፣ ቃሏን እንደጨረሰች ጨርቁ ፊቷ ላይ ደረሰ፣ ቆመችና ወደኔ ዞራ "አስራ ሁለቷስ?" አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ዲሲውን ገዝቼ መጣሁ፣ ቁልፉን እሷ ራሷ እያዞረች 72 ላይ አቆመችው።