«እኔ ጋ ይሰራል አቦ!» አይበቃም፦ ሳይንሳዊ ሶፍትዌር ለዴቢያን ስታዘጋጁ የምትጠነቀቁባቸው ስህተቶች

ድሬ ላይ ሊኑክስ የሚነካኩ ልጆች እየበዙ ነው። ደስ ይለኛል። አንዳንዶቹ ለጥናታቸው የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር ዴቢያን ለሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ፓኬጅ ማድረግ ጀምረዋል። ሥራቸውን ሲያሳዩኝ ግን ስህተቱ ሁሌ ያው ነው። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ፓኬጅ ምን እንደሆነና ሶርስ ኮድ እንዴት እንደሚወርድ አላስረዳም፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያው ስህተት፦ በራስ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ሞክሮ አለቀ ማለት። ላፕቶፓችሁ ላይ ከጊዜ ብዛት ያልተጫነ ነገር የለም። ጂፎርትራን የሚባለው ኮምፓይለር አለ፣ የዳታ ፋይል የሚያነበው ኤችዲኤፍ5 አለ፣ በፒፕ የገቡ ላይብረሪዎች አሉ። ፓኬጁ የቆመው በእነሱ ላይ ነው፤ ፓኬጁ የሚፈልገው በሚዘረዘርበት ኮንትሮል ፋይል ላይ ግን አልተጻፉም። ኤስቢልድ እና ፒቢልደር የሚባሉት መሣሪያዎች የተሠሩት ለዚህ ነው። ባዶ ሲስተም ከፍተው፣ እናንተ የጻፋችሁትን ብቻ ጭነው ፓኬጁን ከሶርስ ኮዱ ይሠራሉ፣ ማለትም ቢልድ ያደርጋሉ። የጎደለ ካለ እዚያው ይቆማል።

የሚያስፈራው ግን የማይቆመው ነው። ብዙ ሳይንሳዊ ሶፍትዌር አንድ ላይብረሪ ሲያጣ ያንን ክፍል ዘሎ ይቀጥላል። ቢልዱ ያልቃል፣ ፓኬጁ ይጫናል፣ ተጠቃሚው ኔትሲዲኤፍ የሚባል የሳይንስ ዳታ ፋይል ሊከፍት ሲል እንቢ ይለዋል። ስለዚህ «ተሳክቷል» የሚለውን የመጨረሻ መስመር ብቻ አትዩ። ሎጉን ወደ ላይ ውጡና ቢልዱን የሚያሰናዳው ሲሜክ ወይም ኮንፊገር ያወጣውን ዝርዝር አንብቡ። ኔትሲዲኤፍ፦ የለም፣ ኤምፒአይ፦ የለም የሚል ካለ ሥራው አላለቀም። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ስሙ በ«ዴቭ» የሚያልቀው የላይብረሪው ፓኬጅ ነው።

ቢልዱ መሃል ኢንተርኔት መጠቀም ክልክል ነው። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ሞክሩት፣ ወዲያው ይለይላችኋል። ኤስቢልድ በየጊዜው ፓኬጅ እያወረደ ዳታ ከጨረሰባችሁ ደግሞ አፕት-ካቸር-ኤንጂ ጫኑ፤ አንዴ የወረደውን ያስቀምጥላችኋል።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ፦ «ማርች ኔቲቭ»። የሳይንስ ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎች ፍጥነት ይወዳሉ፤ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ የቢልዱ ትእዛዝ በሚጻፍበት ሜክፋይላቸው ውስጥ ይቺን ትእዛዝ ይጨምራሉ። ትርጉሟ «ይህ ኮምፒውተር የሚችለውን ሁሉ ተጠቀም» ነው። ለራሱ ማሽን ኮምፓይል ለሚያደርግ ሰው ጥሩ ነው። ለሌላ ሰው ለሚሄድ ፓኬጅ ግን መርዝ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ስትሠሩት ኮምፓይለሩ ኤቪኤክስ2 የሚባሉትን ትእዛዞች ይጠቀማል። ኢንቴል እነዚህን ያመጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ የወጡ ብዙ ሴሌሮንና ፔንቲየሞችም የላቸውም። የየትምህርት ቤታችን ላብ ደግሞ በእነዚህ የተሞላ ነው።

አንድ ጎበዝ ልጅ የሠራውን ፓኬጅ ይዞ አንድ ላብ ሄደ። ተጫነ፣ ተከፈተ፣ ዳታው ገባ። ስሌቱ ሲጀመር «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ተዘጋ። ቀጣዩም ኮምፒውተር እንደዚያው። ልጁ «አቦ፣ እኔ ጋ ይሰራል እኮ!» ይላል፤ እውነቱን ነው። አስተማሪው ግን «ሊኑክስ ለእኛ አይሆንም» ብለው ወደ ድሮው ሶፍትዌር ተመለሱ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ ቃል ሳይሰረዝ ቀርቶ ሙሉ ክፍል ተማሪ ነጻ ሶፍትዌር ሳይነካ ቀረ። ዴቢያን ኤኤምዲ64 ሲል ማንኛውም 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽን፣ አሮጌውም ጭምር፣ ይከፍተዋል ማለቱ ነው። ያንን ቃል የምታፈርሱት እናንተ አትሁኑ። ሜክፋይሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ሲሜክሊስትስና ሴትአፕ ዶት ፓይ የሚባሉት ፋይሎች ውስጥም ግሬፕ በሚባለው መፈለጊያ ትእዛዝ ፈልጉ፤ ካገኛችሁት በፓች፣ ማለትም ኮዱን በሚያርም ትንሽ ፋይል፣ አውጡት። ፍጥነቱስ ካላችሁ፣ ኦፕንብላስ የሚባለው የማትሪክስ ስሌት ላይብረሪ ዴቢያን ላይ ሲነሳ ራሱ ፕሮሰሰሩን አይቶ ተስማሚውን ኮድ ይመርጣል። ከባዱን የማትሪክስ ስሌት ለእሱ ስጡት።

ቴስት (ሶፍትዌሩ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) ሲወድቅ ቴስቱን ማጥፋት። ይሄም ያናድደኛል። መጀመሪያ ምን ያህል እንደሳተ ተመልከቱ። ኮምፒውተር 0.1 እና 0.2 ሲደምር 0.30000000000000004 ያወጣል። ፕሮሰሰሩ ሲለወጥ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለወጡ ይችላሉ፤ ባለ 32 ቢቱ አይ386 ላይ የድሮው የስሌት ክፍል በ80 ቢት ስለሚያሰላ ይህ በተደጋጋሚ ይታያል። ቴስቱ በትክክል እኩል ይሁን ብሎ ከጠየቀ ስህተቱ የቴስቱ ነው። ትንሽ ልዩነት እንዲፈቅድ አስተካክሉትና ፓቹን ለሶፍትዌሩ ባለቤት ላኩ። ልዩነቱ ሦስተኛው አሃዝ ላይ ከሆነ ግን እዚያው ቁሙ። እሱ እውነተኛ ስህተት ነው፤ በዚያ ቁጥር የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ ልጅ አለ።

ቀን የሚቆጥር ቴስት ካለ ሰዓቱንም እዩ። እኛ ዩቲሲ ከሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የእኛ ቀን በዩቲሲ ከሚሠራ ሰርቨር ቀን ይለያል። የሰዓት ክልሉን የሚወስነውን ቲዜድ ዩቲሲ አድርጋችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።

ቢልዱ መሃል ላይ «ኪልድ» ብሎ ከቆመ ኮዱ ላይ አትፍረዱ። አብዛኛውን ጊዜ ሜሞሪ አልቆ ነው። ከባድ ሲ++ ኮድ 8 ጊጋ ሜሞሪ ባለው ላፕቶፕ ላይ በሁሉም ኮር ሲሠራ ይህ ያጋጥማል። ዴብ ቢልድ ኦፕሽንስ በሚባለው ቅንብር ላይ ፓራለል=2 ብላችሁ ስጡት። የቀትር ሙቀት ላይም ረጅም ቢልድ አትጀምሩ፤ ላፕቶፑ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማታ ነፈስ ሲል ይሻላል። መብራት ሄዶ ከተቋረጠ ከግማሽ አትቀጥሉ፤ አጽድታችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ከሶርስ ኮዱ ጋር ተጠቅልሎ የመጣ ሌላ ላይብረሪ ካለ ዴቢያን ውስጥ ያለውን ተጠቀሙ።

ላይሰንሱን መጨረሻ ላይ ማንበብም ልፋትን ከንቱ ያስቀራል። «ለምርምር ብቻ» ወይም «ለንግድ አይውልም» የሚል ካለ ወደ ዋናው ክፍል፣ ሜይን ወደሚባለው፣ አይገባም። ባለቤቶቹን በኢሜይል ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ሳያስቡበት የጻፉት ስለሆነ ይለውጡታል።

ሥራውን ሌላ ሰው ጀምሮት እንደሆነም አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ዴቢያን ላይ «ይህን ላዘጋጅ ነው» የሚሉ ሰዎች የሚያስመዘግቡበት ዝርዝር አለ፣ ደብልዩኤንፒፒ ይባላል። የሶፍትዌሩን ስም እዚያ ካገኛችሁት ላስመዘገበው ሰው ጽፋችሁ አብራችሁ ሥሩ። ካላገኛችሁት እናንተ አስመዝግቡና ዴቢያን ሳይንስ ለሚባለው ቡድን አሳውቁ፤ የመጀመሪያ ፓኬጃችሁን አይቶ የሚያርም ሰው እዚያ ታገኛላችሁ።