ፈውስ ስንለምን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጎንደር ውስጥ ማለዳ ከወጣችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ጀሪካን ያንጠለጠሉ፣ የታመመ ሰው ደግፈው ቀስ ብለው ወደ ጠበል የሚሄዱ። በ44ቱ ታቦት አገር የሚጸለይበት ቦታ አይጠፋም። እኔም ከእናቴ ጋር በዚያ መንገድ ብዙ ተመላልሻለሁ። እናቴ ስኳር አለባት። የተሳሳትነውን ልንገራችሁ፤ ምናልባት እናንተ ትድኑበታላችሁ።

ለእግዚአብሔር ቀን መቁረጥ

ሰባት ቀን ተጠመቀች። በስምንተኛው ቀን ስትለካ ስኳሯ አልወረደም። እሷ ዝም አለች፤ እኔ አኮረፍኩ። ሱባኤ መያዝ የቆየ ሥርዓታችን ነው፣ መልካምም ነው። ስህተቱ ቀኑ ሲሞላ መልሱም የግድ መድረስ አለበት ብሎ ማሰብ ነው። ቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር የነበረው ሰው በደዌ የቆየው 38 ዓመት ነው። ደም ይፈሳት የነበረችው ሴት 12 ዓመት ተሠቃይታለች። ጌታ ሳንታክት እንድንጸልይ ያስተማረባት መበለትም አለች፣ ሉቃስ 18 ላይ። ዳኛው ዘንድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አልተጻፈልንም። ቆጠራውን ትታ ነው መሰለኝ።

መድኃኒት ማቋረጥ

ይሄኛው ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ጠበል ቦታ አንዲት ሴት እናቴን «እማማ፣ ኪኒን እየዋጡ ጠበል አይሠራም» አለቻት። እናቴ አመነቻት። ለእኔ ሳትነግረኝ መድኃኒቷን ተወች። በሦስተኛው ሳምንት ውኃ ጥሙ በረታባት፣ ዓይኗ ደበዘዘ፣ አንድ ማታ ራሷን ሳተች። ሆስፒታል ይዘናት የሮጥንበትን ሌሊት አልረሳውም።

ስትነቃ የነፍስ አባታችን መጡ። አልተቆጧትም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አነበቡላት፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም የሚለውን። ንጉሥ ሕዝቅያስም ጸልዮ 15 ዓመት ሲጨመርለት፣ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዝዟል። ጸሎቱም መድኃኒቱም አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ።

የቲቢ መድኃኒት ብዙ ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ተህዋሲያኑ መድኃኒቱን ሊለምዱት ይችላሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሕመሙ በርትቶ ሊመለስ ይችላል። የኤች አይ ቪም እንዲሁ ማቋረጥን አይወድም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ኢንሱሊንና አንዳንድ የስኳር ክኒን ደግሞ ምግብ ሳይበላ ከተወሰደ ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ካያችሁ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ስጡት። ጠበል ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ፤ ሰዓቱን ያስተካክልላችኋል። ስለ ጾሙም የነፍስ አባታችሁን አማክሩ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ትራራለች።

«እምነት ስለጎደለህ ነው» ማለት

እባካችሁ ይህን ቃል ለታመመ ሰው አትናገሩት። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ጠይቀው ነበር፤ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። ጳውሎስ እምነት ጎድሎት ነው እንዴ?

ይልቅ ማርቆስ 2ን አንብቡ። ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው በጣራ አወረዱት። ጌታ ያየው የእነሱንም እምነት ነው። የታመመ ሰው አንዳንዴ መጸለይ ያቅተዋል፤ ያኔ እኛ እንሸከመዋለን። እናቴ ሆስፒታል ሳለች ውዳሴ ማርያሟን ጎረቤቶቿ ተከፋፍለው ደገሙላት።

ካህን ዘግይቶ መጥራት

ምስጢረ ቀንዲል፣ ካህን ጸልዮ ዘይት የሚቀባበት ሥርዓት፣ ከሰባቱ የቤተ ክርስቲያን ምስጢራት አንዱ ነው፣ ለታመመ ሰው የተሰጠ። እኛ ግን ነፍስ ልትወጣ ስትል ነው ካህን የምንጠራው። ያዕቆብ 5፥14 የሚለው «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር» ነው። ቶሎ ጥሩ።

ትንሹን ለውጥ ማለፍ

ማርቆስ 8 ላይ ጌታ አንድ ዕውር ሰው ሲፈውስ ሰውዬው መጀመሪያ ሰዎችን እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ አየ። ጌታ ደግሞ እጁን ጫነበት፤ ያኔ አጥርቶ አየ። እኛ የመጀመሪያውን ደረጃ «አልዳነም» ብለን እንመዘግበዋለን።

ባለፈው ጥር 11 ከእናቴ ጋር ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ስንመለስ ዳገቱን ሳታርፍ ወጣችው። ስኳሩ አልጠፋም። ቤት እንደገባን እጇን ታጠበች፣ ምሳዋን በላች፣ ክኒኗን ዋጠች፤ ከዚያም ጠዋት ያቋረጠችውን ጸሎት ካቆመችበት ቀጠለች።