ልጃችሁ ማትሪክ ተፈታኝ ከሆነ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ ትችላላችሁ (እኔ በትልቋ ከስሬ የተማርኩት)

እኔ የደሴ ኮምቦልቻ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነኝ እንጂ አስተማሪ አይደለሁም፣ ራሴም 10ኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ግን ትልቋ ልጄ በ2015 የ12ኛ ክፍል ስትፈተን ያጠፋሁትን ጥፋት እስካሁን አልረሳሁትም፣ ዘንድሮ ደግሞ ትንሹ ተፈታኝ ሆነ። ጋቢና የሚቀመጥ ወላጅ ሁሉ ወሬው ይሄው ነው፣ ከደሴ ወጥተን የሀረጎን ቁልቁለት ሳንጨርስ "የኔም ልጅ እኮ ዘንድሮ ናት" ይመጣል። ለእነሱ በቁልቁለት እየተቆራረጠ የምነግራቸውን አንዴ ልፃፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ እናንተ ራሳችሁ ፈተናው ምን እንደሆነ እወቁ። የእኛ ጊዜ ፈተና አይደለም። አሁን ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት 50 ፐርሰንት ያስፈልጋል፣ በ2014 ተፈታኞች ላይ ሲጀመር ግማሹን ያለፉት 3.3 ፐርሰንት ብቻ ነበሩ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ከመቶ ተማሪ ዘጠኝ እንኳን አልሞላም ማለት ነው። ይሄን ቁጥር ለልጁ አትንገሩት፣ እሱ ከእናንተ በፊት ቴሌግራም ላይ አይቶታል፣ እናንተ ናችሁ ማወቅ ያለባችሁ፣ የጎረቤት ልጅ ሲወድቅ ልጃችሁ ፊት "ሰነፍ ስለሆነ ነው" እንዳትሉ። ስድስት ትምህርት ነው የሚፈተኑት፣ እንግሊዘኛ ሂሳብና አፕቲትዩድ (የማገናዘብ ችሎታ የሚለካው) ለሁሉም ነው፣ ከዛ ናቹራል ከሆነ ፊዚክስ ኬሚስትሪ ባዮሎጂ፣ ሶሻል ከሆነ ጂኦግራፊ ታሪክ ኢኮኖሚክስ። አፕቲትዩድ መማሪያ መፅሀፍ ስለሌለው ሁሉም ይረሳዋል፣ ግን ነጥቡ እንደ ሌላው ነው የሚቆጠረው፣ በልምምድ ደግሞ ቶሎ የሚሻሻለው እሱ ነው እላለሁ።

ቀጥሎ ልጁ ያልተማረውን ፈልጉ። ያልገባውን ሳይሆን ጭራሽ ያልተማረውን ነው የምለው። ትልቋ በ2014 11ኛ ክፍል ነበረች፣ ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ገባ፣ እኛም እንደ ሰው ሁሉ ልብስ በፌስታል ይዘን ወጣን፣ ከተመለስን በኋላ ትምህርቱ በሩጫ ነበር። ምዕራፎች ተዘለሉ። እኔ "ተከፍቷል፣ እየተማረች ነው" ብዬ ተቀመጥኩ። አመቱን ሙሉ 12ኛን ስታጠና ከስር ያለው ጉድጓድ እንዳለ ነበር፣ ፈተናው ደግሞ ከ12ኛ ብቻ አይወጣም፣ የታችኛው ክፍልም ይገባበታል። ለትንሹ ያደረግነው ቀላል ነው፣ የእያንዳንዱን መፅሀፍ ማውጫ ከፍተን በእርሳስ ምልክት አደረግን፣ በደንብ የተማረው ራይት፣ ተነክቶ ያለፈው ነጥብ፣ ያልተማረው ኤክስ። አንድ ምሽት ነው የፈጀው። ኤክስ የበዛው ፊዚክስ ላይ ሆነ፣ ስለዚህ ለፊዚክስ ብቻ አስጠኚ ፈለግን።

ስለ ቱቶሪያል ሀሳቤን ልናገር። ለትልቋ ለስድስቱም ከፍዬ ነበር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ታጭቆ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ሰርቶ ይወጣል፣ ልጄ ደብተሯ ሞልቶ ትመጣለች፣ እኔ ደብተሩን አይቼ ደስ ይለኛል። መጥፎ ነው አልልም፣ ግን ልጁ የጎደለው የት እንደሆነ ሳይታወቅ መክፈል መኪና ድምፅ ባወጣ ቁጥር ሞተር እንደ ማውረድ ነው። መካኒክ መጀመሪያ "ድምፁ ስትነዳ ነው ስትቆም ነው?" ብሎ ይጠይቃል አይደል? የመማሪያ መፅሀፉና የድሮ ፈተናዎች ካሉ ብዙውን ስራ ይሰራሉ፣ ፒያሳ የሚሸጠው ወፍራም ወፍራም ሃንድአውት ብዙው እርስ በርሱ የተገለበጠ ነው፣ መልሱ የተሳሳተም አይቻለሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። የተሳሳተውን ጥያቄ ማየት።

ለትልቋ በየሳምንቱ የድሮ ፈተና አሰራት ነበር። ማታ ከስራ ስገባ "ስንት አገኘሽ?" እላለሁ። 40 ስትለኝ ፊቴ ይጠቁራል፣ "ይሄን ሁሉ ከፍዬ?" እላለሁ፣ አንድ ሁለት ጊዜም ጮህኩ፣ እናቷ እስክትቆጣኝ ድረስ። ከዛ ውጤቷ መሻሻል ጀመረ። 55፣ 63፣ አንድ ቀን ሂሳብ 81 አለችኝ፣ ደስታዬን አልቻልኩትም፣ በነጋታው መናኸሪያ ለረዳቴና ለተራ አስከባሪው ሳይቀር ቁርስ ጋበዝኩ። እንደዛ እያልን ሀምሌ ደረሰ፣ ተፈተነች፣ ውጤት መጣ፣ 38 ፐርሰንት። ከሶስት ቀን በኋላ ነው እናቷ ጋ እያለቀሰች የነገረቻት፣ "መልሱን ከኋላ እያየሁ ነበር የምሞላው፣ አባ እንዳይጮህ ብዬ።" ምን እላለሁ? ውሸቱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አምስት ወር ሙሉ ልጅቷ የማታውቀውን ነገር ሳታውቅ እኔም ሳላውቅ በውሸት ቁጥር ስንደሰት ከረምን።

በሚቀጥለው አመት በግል ስትፈተን የቀየርነው ይሄን ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ በጥቂት ነጥብም ቢሆን 50ን አለፈች። እንዲህ ነው የምናደርገው።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰአት ጠረጴዛው ይጠረጋል፣ የግድግዳ ሰአት ፊት ለፊት ይሰቀላል፣ ስልክ የለም። ወረቀቱ ላይ የተፃፈው ሰአት ይከበራል። የድሮ የእንግሊዘኛ ፈተና 120 ጥያቄ በ2 ሰአት የሚል ነው፣ አንድ ጥያቄ በአንድ ደቂቃ ማለት ነው፣ ቤት ውስጥ ተኝቶ በግማሽ ቀን የሰራው ልጅ እዛ ሲገባ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። የመልስ ገፁን ቀድጄ መኪና ውስጥ የፀሀይ መከላከያው ላይ ከሊብሬው ጋር ሰክቼዋለሁ (አንዴ ትራፊክ ሊብሬ ሲለኝ የኬሚስትሪ መልስ ሰጥቼው ስቋል)። ማታ አምጥቼ አብረን እናርማለን፣ እኔ ፊደሉን አነባለሁ፣ እሱ ያርማል። ይሄን ለማድረግ ኬሚስትሪ ማወቅ አያስፈልግም፣ ኤ ቢ ሲ ዲ ካወቃችሁ ይበቃል።

ከዛ የተሳሳተው ጥያቄ አጠገብ ምክንያቱን በአንድ ቃል ይፅፋል። አላውቀውም። ረሳሁት። በደንብ አላነበብኩትም። ሰአት አለቀብኝ። አራት ምክንያት ብቻ። እኔ "እንዴት ይሄን ትስታለህ" አልልም፣ የምጠይቀው "ይሄኛው ከየትኛው ነው?" ብቻ ነው። አፌን ለመያዝ በጣም ነው የተቸገርኩት ወላሂ፣ መጀመሪያ ሰሞን ሲኒ ይዤ ነበር የምቀመጠው፣ ሊያመልጠኝ ሲል ቡና እጎነጫለሁ።

ትንሹ መጀመሪያ ባዮሎጂ ሲሰራ 31 ተሳሳተ። ምክንያቱን ስንቆጥረው 11ዱ "አላነበብኩትም" ሆነ። እንዴት ነው የማታነብ ስለው አንዱን አሳየኝ፣ ጥያቄው ላይ ኤክሰፕት የሚል ቃል አለ፣ ከሚከተሉት ትክክል ያልሆነው የቱ ነው ማለት ነው አሉ፣ እሱ ግን የመጀመሪያውን ትክክለኛ መልስ እንዳገኘ አክብቦ አልፏል። ትምህርቱን ያውቀዋል! ይሄ አስጠኚ የሚፈታው ችግር አይደለም። ከዛ ወዲህ ኤክሰፕት እና ኖት የሚል ሲያይ በእርሳስ ያከብባል፣ በሁለት ሳምንት 11ዱ ወደ 3 ወረደ። አላውቀውም ያለው ደግሞ ወደ መፅሀፉ ይመለሳል፣ ረሳሁት ያለው በትንሽ ደብተር ተገልብጦ ከአስር ቀን በኋላ እንደገና ይሰራል። ሰአት አለቀብኝ ከበዛ ከባዱን ዘሎ ማለፍ ይለማመድ፣ ግን መጨረሻ ላይ ባዶ የሚቀር ጥያቄ አይኑር፣ ገምቶም ቢሆን ይሙላ።

ውጤቱን አናወራም። ፍሪጅ ላይ የተለጠፈው የአራቱ ምክንያት ብዛት ነው፣ ስንት እንዳገኘ አይደለም። አሁን ውጤቱ ሲወርድ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል፣ በትልቋ ጊዜ ይሄ የማይታሰብ ነበር።

ስልክ። የትልቋን ወስጄ ቆልፌበት ነበር፣ ለካ የድሮ ፈተናውም መፅሀፉም የጓደኞቿ የጥያቄ ግሩፕም እዛው ላይ ነው። አሁን ማታ 4 ሰአት ላይ የሁላችንም ስልክ ሳሎን ቻርጅ ይደረጋል፣ የኔም ጭምር፣ ያለዛ አይሰራም። መብራት ሲጠፋ ስልክ አምፖል እንዳይሆን ቻርጀብል መብራት ግዙ፣ በስልክ መብራት ማጥናት ቲክቶክ ላይ ነው የሚያልቀው።

ጫት ላይ በግልፅ ልናገር፣ እኛ አካባቢ "ለጥናት ነው" ሲባል አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ወላጅ አለ። ልጁ ሌሊት ያጠናል እውነት ነው፣ ግን ጠዋት ሬሳ ነው። ፈተናው ደግሞ በጠዋት ነው የሚጀምረው፣ አእምሮው ሌሊት 8 ሰአት ላይ እንዲነቃ ያስለመዳችሁት ልጅ ጠዋት 3 ሰአት ላይ ምን ይሰራል? ቡና ይጠጣ፣ ግን ከመግሪብ በኋላ አይሁን። ቤት ውስጥ የሚሰራ ስራም ሙሉ በሙሉ አይቅር፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ መምጣት ለጭንቅላት ጥሩ ነው። ዘመድ መጥቶ "የእገሌ ልጅ እኮ ይሄን ያህል አመጣ" ሲል ወሬ ቀይሩ፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

የመጨረሻው ግቢው ነው። ከ2015 መስከረም ጀምሮ ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፣ ልጁ ገብቶ እዛው አድሮ ነው የሚፈተነው፣ ስልክም ሌላ ኤሌክትሮኒክስም አይገባም። ብዙ ልጅ ከቤት ውጪ አድሮ አያውቅም፣ ቁርሱን እናቱ ናት የምታቀርብለት፣ የሚቀሰቅሰው ስልኩ ነው። ስለዚህ ከሁለት ወር በፊት ያለ ስልክ መነሳት፣ ልብሱን ራሱ ማጠብ፣ ያልወደደውን ምግብ መብላት ይልመድ፣ አክስቱ ቤት ሁለት ሶስት ሌሊት ይደር። ፈተናው በኮምፒውተር ከሆነ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ ይቸገራል፣ ኢንተርኔት ቤት ወስዳችሁ ሁለት ሰአት አስለምዱት። ወረቀት ከሆነ ክቡን በእርሳስ ማጥቆርና በንፁህ ላጲስ ማጥፋት ይልመድ፣ ቁጥር ተሳስቶ አንድ መስመር ከዘለለ የተቀረው ሁሉ ይዛባል።

እቃ ስታዘጋጁ ቦታውን እዩ። ትልቋ ኮምቦልቻ ደርሷት በደሴ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በነበረ ቀን ወፍራም ብርድ ልብስና ሹራብ ሸክፈን ላክናት፣ ኮምቦልቻ እኮ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፣ እኔ በቀን አራት ጊዜ እየወረድኩበት ሳላስበው ቀረሁ፣ ልጅቷ በሙቀት ሳትተኛ ነው ሂሳብ የተፈተነችው። የአድሚሽን ካርዱን ከመግባቱ በፊት ፎቶ አንስታችሁ እናንተ ጋ አስቀምጡ፣ ውጤት የሚታየው በዛ ቁጥር ነው፣ ወረቀቱ ዶርም ይጠፋል።

ሲወጣ ስትቀበሉት "እንዴት ነበር? ፊዚክስ ከበደ?" አትበሉት። መጀመሪያ አብሉት። ትልቋን ገና በሩ ላይ ስጠይቃት ሀረጎን እስክንወጣ ድረስ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ መሪ ይዤ ምን እንደምላት ጠፋኝ። ለትንሹ ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዤ ነው የምሄደው፣ ሬዲዮውንም ከፈት አደርገዋለሁ።